«ተነበየ» ሲባል ምን ተባለ?

ዜና ላይ «ባለሙያው ተነበዩ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳገኝ መጀመሪያ የምፈልገው ቀን ነው። ቀጥሎ መጠን፣ ከዚያ መነሻ። ሦስቱም ከሌሉ ግሡ ያለ ቦታው ገብቷል፤ ባለሙያው ወይ ገምተዋል፣ ወይ ሠግተዋል፣ ወይ ተመኝተዋል። አማርኛ ለእያንዳንዱ የራሱ ግሥ አለው። ሆኖም «ተነበየ» ከሁሉም ይልቅ የተማረ ስለሚመስል የጎረቤቶቹን ቦታ እየነጠቀ ነው።

እኔ እንደማየው ተነበየ ማለት ስለ ነገ መናገር ብቻ አይደለም። በኋላ «ሆነ» ወይም «አልሆነም» ተብሎ ሊመዘን የሚችል ነገር መናገር ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ከአረባቡ እንጀምር።

ግሡ ከግዕዝ የወረስነው ነው። ነቢይ፣ ነቢያት፣ ትንቢት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ የዕብራይስጡ «ናቪ» እና የዐረብኛው «ነቢ»ም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በግዕዙ ፊት ላይ ያለችው «ተ» ቅጥያ ናት። አማርኛ ግን ቅጥያነቷን ረስቶ ከግሡ ሥር ጋር አዋሐዳት፤ ስለዚህ ተነበየ የሚረባው እንደ «መሰከረ» ባለ አራት ፊደል ሆኖ ነው። መሰከረ፣ ይመሰክራል፣ መስክሮ፣ መመስከር እንደምንል ተነበየ፣ ይተነብያል፣ ተንብዮ፣ መተንበይ እንላለን። «ተነብዮ ነበር» ብሎ መጻፍ «መሰክሮ ነበር» ብሎ እንደ መጻፍ ነው፤ ትክክሉ «ተንብዮ ነበር» ነው። ስህተቱ በጋዜጣም በማኅበራዊ ሚዲያም ሞልቷል፤ ጆሮ ስለለመደው ብቻ አያስደነግጥም።

የ«ተ» ሥር መሆን የሚያስከትለው ሌላ ነገር አለ። ተገብሮውን ስንፈልግ ሁለተኛ «ተ» መጨመር ግድ ነው፦ ተተነበየ። ሁለት «ተ» ተደርድረው ሲታዩ ብዙ ሰው የፊደል ግድፈት ይመስለውና አንዷን ይቆርጣታል። «ዝናቡ እንደሚዘገይ አልተነበየም» ሲጻፍ «እሱ አልተነበየም» ማለት ነው፤ የትንበያ ባለሙያውን ይከሳል። «አልተተነበየም» ሲባል ግን ማንም ትንበያውን አለመስጠቱን ይናገራል። የአንዲት ፊደል ልዩነት ሰውን ተጠያቂ ታደርጋለች ወይም ነፃ ታወጣለች።

ለአሁንና ለመጪ ጊዜ ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይረቃል። ይተነብያል (እሱ ይናገራል)፤ ይተነበያል (አስቀድሞ ይታወቃል፣ ይነገራል)። በጽሑፍ የሚለያቸው «ብ» እና «በ» ብቻ ነው። በንግግር «ይተነበያል» ሲባል «ተ» ይጠብቃል፤ ፊደላችን ግን መጥበቅን አያሳይም። ከዚህ የሚወለደው የታወቀ ስህተት «የማይተነብይ ገበያ» የሚለው ነው። ገበያ ድሮም አይተነብይም፤ ሊባል የተፈለገው «የማይተነበይ» ነው፣ ማለትም ወደፊት የሚሆነው አስቀድሞ ሊነገር የማይችል። ገበያ ላይ ሲሆን አንባቢው ገምቶ ያልፈዋል። ትንበያ የሚሠራ የኮምፒውተር ስሌት፣ ማለትም ሞዴል፣ «የማይተነብይ ሞዴል» ወይም «የማይተነበይ ሞዴል» ሲባል ግን ትርጉሙ ጨርሶ ይለወጣል። የመጀመሪያው ሥራውን የማይሠራ ነው፤ ሁለተኛው ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የማይታወቅ ነው።

ትንቢትና ትንበያ

ከአንዱ ግሥ ሁለት ስሞች ወጥተዋል፤ ሥራም ተከፋፍለዋል። ትንቢት ለሃይማኖቱ ቀረ፣ ትንበያ ለስሌቱ ተሰጠ። አብረዋቸው የሚሄዱት ግሦችም የተለያዩ ናቸው። ትንቢት ይነገራል፣ ይፈጸማል። ትንበያ ይሠራል፣ ይሰጣል፣ ይከለሳል፣ ልክ ይሆናል ወይም ይስታል። «የአየር ጠባይ ትንቢት» ብንል ሳቅ ይከተላል፤ «ትንበያው ተፈጸመ» ስንልም ጆሮ ይቆረቁራል፣ ምክንያቱም ትንበያ የሚፈጸም ቃል ኪዳን አይደለም። በተለይ «ይከለሳል» የሚለውን ልብ በሉ። ማለዳ የወጣ ትንበያ ከሰዓት በኋላ ቢለወጥ ማንም አያፍርም። የሚከለስ ትንቢት ግን ትንቢት አይባልም።

ይህን መለያየት የፈለገው አማርኛ ብቻ አይደለም። ሮበርት ፊትዝሮይ የተባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን በ1861 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ የሚታተም የአየር ጠባይ መረጃ ጋዜጣ ላይ ማውጣት ሲጀምር ሥራው ትንቢት እንዳይባልበት አጥብቆ ተከላክሏል። ከምልከታና ከስሌት የሚወጣ አስተያየት መሆኑን የሚያሳይ የተለየ ስም፣ «ፎርካስት» (forecast)፣ መረጠ፤ በእንግሊዝኛ እስከ ዛሬ የሚሠራበትም ያ ስም ነው። የእኛ «ትንበያ» የዚያው ልፋት አቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ በችኮላ መታለፍ የለበትም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ጊዜ የሚገኘው «ትንቢት ተናገረ» የሚለው ነው፤ ነቢዩም የሚናገረው ሁሉ ስለ ወደፊቱ አይደለም። ይገሥጻል፣ ያጽናናል፣ ስለ ፍርድ ይሟገታል። የነቢይ ዋና ሥራ የተላከውን ቃል ማድረስ ነው፤ ስለ መጪው መናገር የሥራው ከፊል ነው። ተነበየ በዘመናዊ አማርኛ «የወደፊቱን ተናገረ» ላይ ብቻ መወሰኑ የትርጉም መጥበብ ነው።

መመዘኛውን ግን ከዚያው አናጣም። ኦሪት ዘዳግም 18፥22 ነቢዩ የተናገረው ካልሆነና ካልመጣ ያ ነገር እግዚአብሔር የተናገረው አይደለም፣ ነቢዩ በድፍረት ተናግሮታል ይላል። ንግግሩ ከሆነው ነገር ጋር ተስተያይቶ ነው የሚመዘነው። የዮናስ ታሪክ ደግሞ የዚህን መመዘኛ ችግር ያመጣል። ዮናስ ነነዌ እንደምትገለበጥ ተናገረ፤ ሰዎቹ ጾሙ፣ ተመለሱ፣ ከተማዋ ተረፈች፤ ዮናስም ተቆጣ። የተነገረው አልሆነም፤ ነገር ግን ያልሆነው ስለተነገረ ነው። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የሚያወጡ ሰዎች ይህን ጣጣ ያውቁታል። ሰው ከወንዙ ዳር ተነሥቶ ማንም ሳይጎዳ ሲቀር «ውሸታችሁን ነው» ይባላሉ። መፍትሔው ሰዋስዋዊ ነው፤ የሚለካውን ነገርና የሚያስከትለውን ጉዳት ለይቶ መጻፍ። «ወንዙ ሞልቶ ይወጣል» ትንበያ ነው፤ ወንዙን በመለካት ይረጋገጣል። «ካልተነሡ ሰው ይሞታል» ማስጠንቀቂያ ነው፤ «ካል» የምትለዋ ቅድመ ሁኔታ መውጫውን አብራ ይዛለች።

ጎረቤቶቹ

ገመተ። ይህ ለሦስቱም ጊዜ ይሠራል። የአንድን ሰው ዕድሜ፣ የተሰበሰበን ሕዝብ ብዛት፣ ትናንት የጠፋን ገንዘብ መገመት ይቻላል። ተነበየ ወደ ኋላ አይሄድም። «ባለሙያዎች በአደጋው የሞቱትን ሰዎች ቁጥር ተነበዩ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያስደነግጣል፤ ከአደጋው በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ጠነቆለ የሚለው መነሻውን በምስጢር የሚይዝ ግሥ ነው። ጠንቋይ ከየት እንዳመጣው አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም አይናገርም። አንድ የኢኮኖሚ ትንታኔ ስሌቱን ካላሳየ በግሡ አመራረጥ ላይ ብዙ አልከራከርም።

አሟረተ የሚለው ደግሞ ለትንበያ ባለሙያ ጠላት ነው። ሟርት ክፉ መናገር ብቻ ሳይሆን በመናገሩ ክፉውን እንደ መጥራት ይቆጠራል። ስለዚህ ድርቅ ይመጣል ያለ ሰው «አታሟርት» ሲባል ስለ ማስረጃው ማንም አልጠየቀውም፤ የተከሰሰው በማስከተል ነው። በጎ ነገር የሚናገር ሰው አሟረተ አይባልም፤ ወገንተኛ ግሥ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስተው «ይጠበቃል» ነው። «ገበሬው በዚህ ዓመት ብዙ እንዲያመርት ይጠበቃል» የሚለውን ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ያነበዋል። አንዱ ትንበያ ነው ይላል፤ ሌላው ግዴታ ነው ይላል። «ይጠበቅበታል» ሲሆን ግዴታነቱ ይለያል፤ «እንደሚያመርት ይጠበቃል» ሲባል ወደ ትንበያ ያደላል፤ «እንዲያመርት ይጠበቃል» ግን መሐል ላይ ቀርቷል። «እንደሚ» እና «እንዲ» እዚህ ጋ ቦታ መቀያየር የለባቸውም።

«ተብሎ ይገመታል»፣ «ተብሎ ይተነበያል» የሚሉት ተገብሮዎች ደግሞ ባለቤት የላቸውም። ማን ገመተ? ማን ተነበየ? ዓረፍተ ነገሩን ወደ ገቢር መልሶ ባለቤት መፈለግ ጥሩ ፈተና ነው፤ ባለቤት ካልተገኘ ትንበያም አልነበረም።

ዓረፍተ ነገሩ ሲዋቀር

ተነበየ የተነገረውን ነገር በሦስት መንገድ ይቀበላል። በስም፦ «ድርቅን ተነበየ»። በ«እንደሚ»፦ «ድርቅ እንደሚመጣ ተነበየ»። በቀጥታ ንግግር፦ «ድርቅ ይመጣል ሲል ተነበየ»። የመጀመሪያው አጭር ነው፤ ግን ቀኑንም መጠኑንም የሚያንጠለጥልበት ቦታ ጠባብ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ባዶ ትንበያ የሚወጣው በዚህ ቅርጽ ነው።

«እንደሚ» የራሱ ወጥመድ አለው። «ከበደ እንደሚያሸንፍ ተነበየ» የሚለውን አንብቡት። ከበደ ስለ ራሱ ተነበየ? ወይስ ሌላ ሰው ከበደ ያሸንፋል አለ? ወይስ ከበደ ሌላ ሰው ያሸንፋል አለ? ሦስቱም ሰዋስው ይፈቅድላቸዋል፤ ምክንያቱም ሁለቱም ግሦች የሚያሳዩት «እሱ»ን ነው። ስለ ምርጫ ወይም ስለ ስፖርት በሚጻፍ ዜና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማስተካከያው ተናጋሪውን ከ«ተነበየ» ጎን ማስጠጋት ነው፦ «ከበደ እንደሚያሸንፍ አሠልጣኙ ተነበየ»። ወይም ወደ ቀጥታ ንግግር መመለስ፦ «ከበደ ‹አሸንፋለሁ› ሲል ተነበየ»። ነጠላ ሰረዝም ይረዳል፤ ግን ሬዲዮ ላይ ነጠላ ሰረዝ አይሰማም።

«አስቀድሞ ተነበየ» እና «የወደፊቱን ተነበየ» የሚሉትን በተመለከተ ብዙ አልልም። ትርፍ ቃል ናቸው፤ ተነበየ ብቻውን ይበቃል።

የእርግጠኝነት ደረጃ

ስለ ነገ ስንናገር አማርኛ በግሥ ቅርጽ ብቻ ብዙ ደረጃ ያወጣል፤ ብዙ የትንበያ ጽሑፍ ግን ይህን ሀብት አይጠቀምበትም። አንድ ዝናብ ወስደን እንየው።

«ሊዘንብ ነው» የሚባለው ማስረጃው ከፊት ሲታይ ነው፤ ደመናው ጠቁሯል፣ ነፋሱ ተነሥቷል። ቅርብ ነው። «ሊዘንብ ይችላል» ግን ምንም አይልም፤ ከመቶ አንድም ሆነ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ይችላል ነው። ከወጡት ትንበያዎች የሚበዙት በዚህ ቅርጽ የተጻፉ ናቸው፤ በስህተት ሊያዙ የማይችሉ ስለሆኑ ይመስለኛል። «ይዘንብ ይሆናል» ግማሽ በግማሽ አካባቢ ወይም ከዚያ ዝቅ ያለ ነው፤ ተናጋሪው ትከሻውን ከፍ አድርጎ የሚናገረው ዓይነት። «ሳይዘንብ አይቀርም» ከግማሽ በደንብ ከፍ ይላል። «መዝነቡ አይቀርም» ደግሞ እርግጥ ነው፤ ቀኑ ብቻ ነው የቀረው።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መምታታት አደገኛ ነው። ሁለቱም «አይቀርም» አላቸው። ነገር ግን «ሳይዘንብ አይቀርም» ጥርጣሬ የቀረበት ግምት ነው፤ «መዝነቡ አይቀርም» ጥርጣሬውን ዘግቷል። «ጦርነቱ ሳይጀመር አይቀርም» እና «ጦርነቱ መጀመሩ አይቀርም» በአንድ ዜና ውስጥ እየተፈራረቁ ሲገቡ አንባቢው የትኛውን ይያዝ?

ቃል ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ የታወቀ ጉዳይ አለ። በ1951 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የስለላ ተንታኞች ሶቪየት ኅብረትና አጋሮቿ ዩጎዝላቪያን የመውረራቸው ነገር በቀላሉ የማይታይ መሆኑን የሚገልጽ ሐረግ ተስማምተው ጻፉ። ከዋናዎቹ ተንታኞች አንዱ የሆነው ሼርማን ኬንት በሐሳቡ የያዘው የወረራው መከሰት ነገር ከመቶ 65 ያህል መሆኑን ነበር። ባልደረቦቹን አንድ በአንድ ሲጠይቅ አንዳንዱ ከመቶ 20፣ አንዳንዱ ከመቶ 80 ማለቱ እንደነበር አወቀ። ሁሉም አንድ ሐረግ ላይ ፈርመዋል፤ የተስማሙት ግን በሐረጉ ብቻ ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ፣ አይፒሲሲ፣ ይህን ለማስቀረት ለየቃሉ የቁጥር ክልል መድቧል፦ «ሊሆን የሚችል» የሚል ደረጃ ከ66 እስከ 100 በመቶ፣ «እጅግ ሊሆን የሚችል» ከ90 እስከ 100 በመቶ። ወደ አማርኛ ሲተረጎም ግን የመጀመሪያው «ሊሆን ይችላል» ይባልና 66 በመቶው ይጠፋል። እኔ ብሆን «ሳይሆን አይቀርም» እለው ነበር፤ የቀረበው ቅርጽ እሱ ነው። ከጎኑ ቁጥሩን መጻፍ ደግሞ ሁሌም ይሻላል።

ቁጥሩን ስንጽፍ «ዕድል» የሚለው ቃል አንድ እንቅፋት ያመጣል። ዕድል በአማርኛ ወደ መልካም ያዘነብላል፤ «የጎርፍ ዕድል 60 በመቶ ነው» ሲባል ጎርፉ ዕጣ የወጣለት ይመስላል። «ጎርፍ የመከሰቱ ነገር ከመቶ 60 ነው» ወይም «እንዲህ ካሉ 10 ጊዜያት በ6ቱ ጎርፍ ይከሰታል» ማለት ይቀላል። ሁለተኛው ለአድማጭ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ ከምን መካከል እንደተቆጠረ ይናገራልና።

የወቅት ትንበያ ሲነበብ

በኢትዮጵያ ተነበየ የሚለው ግሥ በብዛትና በቁም ነገር የሚሠራው በወቅት ዝናብ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት ትንበያ ያወጣል፤ የተዘረዘረው በሦስት ክፍል ነው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ክፍሎቹ የሚወጡት እንዲህ ነው። የአንድ አካባቢ የ30 ዓመት የክረምት ዝናብ ይወሰድና ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደረደራል። ዝቅተኞቹ 10 ዓመታት «ከመደበኛ በታች»፣ መካከለኞቹ 10 «መደበኛ»፣ ከፍተኞቹ 10 «ከመደበኛ በላይ» ይባላሉ። ምንም የተለየ መረጃ ከሌለ እያንዳንዱ ክፍል ከመቶ 33 ይደርሰዋል።

አሁን ትንበያው ለአንድ አካባቢ 45፣ 35፣ 20 ብሎ ወጣ እንበል። ዜናው ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል። አንደኛው «ዝናቡ ከመደበኛው በ45 በመቶ ይበልጣል» ብሎ መጻፍ ነው። 45 የዝናቡ መጠን አይደለም፤ ዝናቡ ከፍተኛው ክፍል ውስጥ የመግባቱ ነገር ነው። ሁለተኛው «ከመደበኛ በላይ ይዘንባል ተብሎ ተተነበየ» ማለት ነው። ትንበያው ራሱ ከመቶ 55 ከመደበኛ በላይ አይሆንም እያለ እንዴት? ትክክለኛው አነጋገር «ወደ ከፍተኛው ያደላል» ነው። ከ33 ወደ 45 ከፍ ማለት ለዘር መራጭና ለግድብ አስተዳዳሪ ጠቃሚ መረጃ ነው፤ ለአንድ ማሳ ግን ዋስትና አይሆንም። በ20ው ውስጥ የወደቀ ገበሬ «ዋሹን» ቢል ትንበያው ሳይሆን ዜናው ነው የዋሸው።

አንድ ሌላ ነገር። ወቅቱን መተንበይ የሚቻለው እንደ ኤልኒኞ ያሉ ዝግ ብለው የሚለወጡ የውቅያኖስ ሙቀቶች ስላሉ ነው፤ ኤልኒኞ ሲጠነክር የኢትዮጵያ ክረምት ወደ መድረቅ ያደላል፤ በ2007 ዓ.ም. ክረምት የታየው ይህ ነው። የአንድን የተወሰነ ቀን ዝናብ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ርቆ መናገር አይቻልም፤ በመነሻው ምልከታ ላይ ያለች ትንሽ ስህተት እየተባዛች ስለምትሄድ። አሜሪካዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሎረንዝ በ1963 (እ.ኤ.አ.) ያሳየው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ «የዘንድሮ በልግ ያንሳል» ሊተነበይ ይችላል፤ «ከሁለት ወር በኋላ ማክሰኞ ይዘንባል» አይተነበይም።

ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር?

ቀን የሌለው ትንበያ አይመዘንም ብያለሁ። በአማርኛ ግን ቀን ኖሮትም ላይመዘን ይችላል። «በ2030 የአገሪቱ ገቢ ይህን ያህል ይደርሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ተተርጉሞ ሲመጣ ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ.? ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። ከ2013 እስከ 2022 ዓ.ም. የተዘረጋው የአሥር ዓመት የልማት ዕቅድ በውጭ ሰነዶች ላይ 2030 የሚባለው ዓመት ላይ ያበቃል፤ ሁለቱን ሳይለይ የሚጽፍ ሰው ትንበያውን ሳያውቀው ያራዝመዋል። በጀት ዓመትም ሐምሌ 1 ይጀምራልና «በዚህ ዓመት መጨረሻ» ሲባል ሰኔ 30 ነው ወይስ ጳጉሜን ነው ወይስ ታኅሣሥ? ሦስቱም በአንድ አገር ውስጥ ይሠራሉ።

ሰዓትም እንዲሁ። «ረቡዕ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነፋሱ ይበረታል» ሲባል ማክሰኞ ማታ የተኛ ሰውን ነው ወይስ ረቡዕ ማታ የሚተኛውን? ለዚህ አማርኛ ድሮ መፍትሔ አበጅቷል፦ «ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት»። ከረቡዕ ወደ ሐሙስ የሚያነጋው ሌሊት መሆኑ አያጠራጥርም። ትንበያ የሚያነብቡ ጋዜጠኞች «አጥቢያ»ን ቢመልሷት ብዙ ይቀልላቸዋል።

ሙሉ ትንበያና ጎደሎው

በ1705 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ኤድመንድ ሃሊ በ1531፣ በ1607 እና በ1682 የታዩት ጅራታም ኮከቦች አንድ ኮከብ ናቸው፣ በ1758 ተመልሶ ይመጣል አለ። ሃሊ በ1742 ሞተ። ኮከቡ በ1758 በልደት ቀን ታየ፤ ለፀሐይ የቀረበው ደግሞ በመጋቢት 1759 ነበር። መዘግየቱ የመጣው ጁፒተርና ሳተርን በስበታቸው ስለጎተቱት መሆኑን ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ክሌሮ ከባልደረቦቹ ጋር አስልቶ ሚያዝያ አጋማሽ ብሎ ነበር፤ አንድ ወር ያህል ሳተ። ባለቤት፣ ክስተት፣ ጊዜ፣ መነሻ፣ የስህተት ስፋት፤ ሁሉም አለ። ተነበየ የሚለው ግሥ እንዲህ ያለ ቦታ ሲገባ ልብሱ ልክ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥን ውሰዱ። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ትንበያ የሚባለው ሦስት ነገር ሲኖረው ነው ይላል፦ ቀንና ሰዓት፣ ቦታ፣ መጠን። በዚህ መለኪያ አንድም ሳይንቲስት ትልቅ መንቀጥቀጥ ተንብዮ አያውቅም ሲልም ይጨምራል። በካሊፎርኒያ ፓርክፊልድ በምትባል ቦታ መንቀጥቀጡ በየ22 ዓመት ገደማ ይመላለስ ስለነበር በ1985 (እ.ኤ.አ.) ባለሙያዎች ቀጣዩ ከ1993 በፊት ይመጣል ብለው ከፍተኛ እርግጠኝነት ሰጡት፤ መሣሪያ ተክለው ጠበቁ። የመጣው በመስከረም 2004 (እ.ኤ.አ.) ነው። ቦታው ልክ፣ መጠኑ ልክ፣ ጊዜው ከአሥር ዓመት በላይ የሳተ። እንግዲህ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ «በዚህ ቀን ትልቁ ይመጣል» እያሉ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የለጠፉት ሰዎች የትኛውን ግሥ ይውሰዱ? ተነበዩ አይባልም። ባለሙያዎቹ የሚሉት «በዚህ አካባቢ በ30 ዓመት ውስጥ ይህን የሚያህል መንቀጥቀጥ የመከሰቱ ነገር ከመቶ ይህን ያህል ነው» ዓይነት ነው፤ ለሕንፃ ኮድ ይጠቅማል፣ ሰውን ሌሊት ከቤት ለማስወጣት አይሆንም።

ግሡ በቅርቡ ደግሞ ከነገ ጋር ዝምድና የሌለው ሥራ ይዟል። የስልክ ቁልፍ ሰሌዳ ቀጣዩን ቃል «ይተነብያል»፣ ኮምፒውተር ከምስል አይቶ ዕጢው ካንሰር መሆኑን «ይተነብያል»። ዕጢው አሁን አለ፤ ያልታወቀው እኛ ዘንድ ነው። ለመጀመሪያው «ይተነብያል» አይከፋም፣ ለሁለተኛው «ይለያል» ወይም «ይገምታል» ይበቃ ነበር። ታካሚ «ካንሰር ተተንብዮልሃል» ቢባል ወደፊት ይይዘኛል ብሎ ነው የሚሰማው።

መመዘን

ከመቶ ይህን ያህል ተብሎ የተነገረ ትንበያ በአንድ ቀን «ልክ ነው» ወይም «ስህተት ነው» አይባልም። ከመቶ 70 ይዘንባል ተብሎ ባይዘንብ 30ው ሆነ ማለት ነው። ይህ ግን ለባለሙያው ማምለጫ እንዳይሆን ግሌን ብራየር የተባለ የአየር ጠባይ ባለሙያ በ1950 (እ.ኤ.አ.) ቀላል ሒሳብ አቀረበ። የተነገረውን በአሥርዮሽ ጻፉ፣ 0.7። ከዘነበ 1፣ ካልዘነበ 0 ያዙ። ልዩነቱን በራሱ አባዙት። ቢዘንብ 0.09፣ ባይዘንብ 0.49 ይመጣል። የብዙ ቀኑን አማካይ ውሰዱ፤ ዝቅ ያለ ይሻላል። ሁሌ «ሃምሳ ሃምሳ» የሚል ሰው 0.25 ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በላይ የወጣ ባለሙያ ምንም ሳያውቅ «ሃምሳ ሃምሳ» ከሚል ሰው ያነሰ ነው። ከመቶ 100 ብሎ አንዴ የሳተ 1 ሙሉ ይከፍላል፤ እርግጠኝነት ውድ ነው።

ሒሳቡ ብቻውን አይበቃም። ደረቅ በሆነ አካባቢ በየቀኑ «ከመቶ 5» የሚል ሰው ምንም ሳያውቅ ጥሩ ውጤት ያገኛል። ስለዚህ ውጤቱ ከአካባቢው የቆየ ልማድ ጋር መነጻጸር አለበት፤ ዝናብ ከ10 ቀን በ2ቱ በሚጥልበት ቦታ ሁሌ 0.2 የሚል ሰው አማካዩ 0.16 ነው፤ ባለሙያው ከ0.16 በታች ካልወረደ ያመጣው አዲስ ነገር የለም። ቀጥሎ «ከመቶ 70» የተባለባቸውን ቀኖች ብቻ ለይቶ መቁጠር ነው። ከ100 እንደዚህ ያሉ ቀኖች 70 ገደማ ከዘነቡ ቁጥሩ ይታመናል። 90 ከዘነቡ ባለሙያው የሚያውቀውን ሙሉ ለሙሉ ለመናገር ፈርቷል፤ 50 ከሆኑ ደፍሯል። አሥር ቀን ብቻ ቆጥሮ መፍረድ ግን አይሆንም፤ ከመቶ 70 እውነት ሆኖ እንኳ ከአሥሩ 5 ብቻ መዝነቡ ብርቅ አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ትንበያው በተነገረ ቀን፣ በተነገረበት ቃል፣ ሳይነካ ከተመዘገበ ነው። በቃል የተነገረ «ብዬ ነበር» አይቆጠርም፤ ከተከሰተ በኋላ የታረመም እንዲሁ። በአንድ መስመር ባለቤቱ፣ የተነገረበት ቀን፣ ክስተቱ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው በየትኛው አቆጣጠር፣ ከመቶ ስንት፣ ሆነ ወይስ አልሆነ የሚለውን የሚወስነው መለኪያ ይጻፋል። «ዝናብ» ከሆነ ስንት ሚሊሜትር፣ በየትኛው ጣቢያ? ብዙ ክርክር የሚነሣው በመጨረሻው ላይ ነው፤ ያካፋው ዘነበ ይባላል?